በ«ሸጠ» እና በ«ሰጠ» መሃል

ማጽዳትን የሚቃወም ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ቤት ይጸዳል፣ ግቢ ይጸዳል፣ ኮድም ይጸዳል። በእኛ ሙያ «ኮዱን አጸዳሁት» ያለ ሰው አይጠየቅም፤ ይመሰገናል። ሦስት መቶ መስመር ጨመርኩ ከሚለው ልጅ ይልቅ ሦስት መቶ መስመር ቀነስኩ የሚለው ነው የሚከበረው። እኔም ብሆን መቀነስ ደስ ከሚላቸው ወገን ነኝ። የማያስፈልግ ፋይል ሰርዤ የተኛሁ ቀን እንቅልፌ ራሱ ይጣፍጣል።

ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ለምን እንደጻፈውም የማላውቀውን ነገር ለመሰረዝ ምን መብት አለኝ? «ማንም አይጠቀምበትም» ስል ያ «ማንም» ማን ነው? ላይ ላዩን የኮምፒውተር ጥያቄ ይመስላል። ለእኔ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ፕሮግራመር ላልሆናችሁ። ስክሪን ላይ የምታዩት እያንዳንዱ በተን፣ እያንዳንዱ የጽሑፍ ሳጥን ከባዶ አይሠራም። ቱልኪት የሚባል ነገር አለ፤ በተኑን፣ ሜኑውን፣ ሰንጠረዡን አዘጋጅቶ የሚሰጥ። ሊኑክስ ላይ ከሁሉም የሚታወቁት ጂቲኬ እና ኪዩት ናቸው። በተኑ ሲነካ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ኮድ ሌላ ነው። ምን እንደሚመስል፣ ማለትም ቀለሙን፣ ከፍታውን፣ ከጎረቤቱ ያለውን ርቀት የሚወስነው ደግሞ ሌላ። ይኼ ሁለተኛው የስታይል ኮድ ይባላል።

የስታይል ኮድ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሲበላሽ አይጮህም። ሂሳብ የሚያሰላ ኮድ ቢበላሽ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፣ የሆነ ሰው ይደውላል። ስታይል ሲበላሽ ግን በተኑ ትንሽ ይንሸራተታል፣ አንድ ፊደል ጫፉ ይቆረጣል፣ በቃ። ለኮምፒውተሩ ሁሉ ሰላም ነው። መበላሸቱን የሚያውቀው ስክሪኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም የድሮውን ለመንካት አይደፍርም። ያልገባውን ትቶ ከላዩ ሌላ ደንብ ይጭናል፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው። አምስት ዓመት ሲሞላው ፋይሉ ሦስት ሺህ መስመር ሆኖ ቁጭ።

እንዲህ ያለ ፋይል ነው አምና እጄ ላይ የወደቀው። የምሠራው ቤቴ ሆኜ ነው፣ መካኒሳ አቦ። ፕሮግራሙ ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት መጋዘኖቹ ውስጥ የሚጠቀምበት፣ በኪዩት የተሠራ ነው፤ የድርጅቱ ስም ይቅር። ሥራዬ የስታይል ፋይሉን ማጽዳት ነበር። ከደንቦቹ መሃል አንዱ ዓይኔን ያዘው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ሰንጠረዥ ሁሉ የረድፉ ከፍታ 22 ፒክስል ሆኖ፣ አንዱ ሰንጠረዥ ብቻ 26 ነው። ማብራሪያ የለውም። የዲዛይኑ ሰነድ 22 ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ኮዱን ሲገመግም አጠገቡ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ይቺን ማን ይፈልጋታል? አጥፋት።»

ባልደረባዬ ስህተት ተናገረ ማለቴ አይደለም። በሰነዱም በልማዱም ትክክል ነው። ላፕቶፔ ላይ 22 አድርጌ ሞከርኩት፤ ምንም አልተለወጠም። የኮዱን ታሪክ ሳይ ደንቡን የጨመረው ልጅ ሥራውን ከለቀቀ አራት ዓመቱ ነው። ሲጨምረው የጻፈው ማስታወሻ አንዲት ቃል ናት፦ «አስተካከልኩ»። ምኑን? ለማን? የለም።

ቴሌግራም ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ውጭ አገር ነው። ማታ መለሰልኝ፦ «እሱማ የጋሼ ነው። ሂድና ጠይቃቸው።» ጋሼ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ያለው መጋዘን ኃላፊ ናቸው። የሄድኩበት ቀን ወር በገባ በ5፣ አቦ ስለነበር ታክሲው ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ጋሼ ጥያቄዬን ሲሰሙ ሳቁ። «ልጄ፣ ያኔ እኮ ስሸጥም ሰጠ፣ ስሰጥም ሰጠ ነበር የሚለኝ» አሉ። ማታ ማታ ከስክሪኑ እያዩ በእጅ መዝገብ ይገለብጣሉ። ስክሪኑ ላይ የተሸጠው ሁሉ ለቅርንጫፍ የተሰጠ መስሎ ይታያል። «ሁለት ወር ሙሉ የተሸጠው ዕቃ ገንዘብ የታለ ተባልኩ። ያ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ባያየው ኖሮ ሌባ ሆኜ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የረድፉ ከፍታ የተመረጠው ለዋናው፣ ለላቲኑ ፎንት ታስቦ ነው። አማርኛው የሚመጣው ከሌላ ፎንት ነው። መጋዘኑ ውስጥ ባሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የአማርኛ ፎንት ደግሞ ከላቲኑ ይረዝማል። በ22 ፒክስል ረድፍ ውስጥ ሲገባ ከላይ ሁለት ፒክስል ይቆረጣል። እንግሊዝኛ ላይ ሁለት ፒክስል ቢቆረጥ ጽሑፉ ያስጠላል እንጂ ይነበባል። አማርኛ ላይ ግን ምን እንደሚቆረጥ ፊደሎቹን እዩ፦ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ከ እና ኸ፣ ዘ እና ዠ፣ ደ እና ጀ። በጥንዶቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ያለው አናታቸው ላይ ነው። ግዕዝ ከየጥንዱ ሁለተኛዎቹ ፊደሎች አልነበሩትም። አማርኛ ሲጻፍ ከግዕዙ ፊደል አናት ላይ ምልክት እየተጨመረ ነው የተፈጠሩት። አናቱን ስትቆርጡ አማርኛውን ቆርጣችሁ ግዕዙን ታስቀራላችሁ። «ሸማ» «ሰማ» ይሆናል። «ተሸጠ» «ተሰጠ» ይሆናል። ያቺ «ማን ይፈልጋታል» የተባለች ደንብ የአንድ ሽማግሌ ስም ስትጠብቅ ነበር የኖረችው።

ይኼ የአንድ መጋዘን ታሪክ ነው፤ ትልቁም ዓለም ውስጥ ግን ነገሩ ያው ነው። የጂቲኬን ታሪክ እንይ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጂቲኬን በ1990ዎቹ የጀመሩት ስፔንሰር ኪምባል እና ፒተር ማቲስ የሚባሉ ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች ናቸው። ጊምፕ የሚባለውን የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ሲሠሩ በተኖቹንም ራሳቸው ሠሯቸው። ጂቲኬ 2 በ2002 ሲወጣ መልኩን የሚወስኑት ለእሱ ብቻ የተፈጠረ የፋይል ዓይነትና በሲ ቋንቋ የሚጻፉ ሞተሮች ነበሩ። በ2011 ጂቲኬ 3 ሲመጣ ያ የፋይል ዓይነት ተጠርጎ በሲኤስኤስ ተተካ፣ ድረ ገጽ በሚያስውበው ቋንቋ። ትልቅና ትክክለኛ ጽዳት ነበር። ግን ስሞቹ አሁንም የውስጥ ስሞች ነበሩ፤ ከውጭ ሆኖ ቲም የሚሠራ ሰው የቱልኪቱን የጓዳ ስም እየጠራ ነበር የሚጽፈው። በመጋቢት 2016፣ 3.20 በሚባለው እትም፣ እሱም ጸዳ። ስሞቹ ሥርዓት ያዙ። በዚያው ቀን ደግሞ በየአገሩ በጎ ፈቃደኞች የሠሯቸው ቲሞች ፈራረሱ።

አዲስ አበባ ላይ አስቡት። ባቡሩ ዛሬ የሚነሳው ከእኛ ሰፈር ወዲያ፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ለገሃር ግን ያ ባቡር ባይነሳበትም ለገሃር ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ጣቢያው» ማለት። ትርጉሙ ካለፈበት ቆይቷል፤ ሰው ግን በእሱ ይቀጣጠራል፣ ታክሲው በእሱ ይጠራል። አንድ ሥርዓት ወዳድ መሐንዲስ ተነስቶ «ባቡሩ የማይነሳበት ቦታ ለገሃር ሊባል አይገባም» ብሎ በአንድ ሌሊት ቢቀይረው ልክ ነው፣ ካርታው ይስተካከላል። ከክፍለ ሀገር በአውቶብስ የሚመጣው፣ «ለገሃር ጠብቂኝ» ብሎ የደወለው ሰውዬስ?

የጂቲኬ ሰዎች ግን የሚሉት አላቸው፤ ልንሰማቸውም ይገባል። በ2019 የግኖም አፕሊኬሽን የሚሠሩ ልጆች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የሊኑክስ እትም አዘጋጆችን የሚሉት በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እባካችሁ አፖቻችንን ሳትሞክሩ በራሳችሁ ቲም አታልብሱብን። የሆነ ቦታ ቲሙ ጽሑፉን ከጀርባው ቀለም ጋር ያመሳስለዋል፣ አይከን ይጠፋል፤ ተጠቃሚው የሚወቅሰው ግን አፑን የሠራውን ልጅ ነው። ማንም ሰው የራሱን ኮምፒውተር እንደፈለገ ቢያደርግ ግድ እንደሌላቸውም ጽፈዋል። በ2021 የመጨረሻ ቀን ሊብአድዋይታ 1.0 ሲወጣ አዲሶቹ አፖች የራሳቸውን መልክ ይዘው መጡ፤ የድሮዎቹ የቲም ፋይሎች አይነኳቸውም። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ። ሌላ ሰው ያበላሸውን ነገር በነጻ ጊዜው እንዲጠግን የሚጠየቅ ልጅ ቢደክመው አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ቤታችን የሚመጣውን ልንገራችሁ። ጂቲኬ 2 በነበረ ጊዜ ሊኑክስ የተጠቀመ ሰው ያስታውሰው ይሆናል። ማንኛውም የጽሑፍ ሳጥን ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ በሚወጣው ሜኑ ውስጥ የመጻፊያ ዘዴዎች ዝርዝር ነበር። ዝርዝሩ በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል ስለሆነ ከቋንቋዎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው «አማርኛ (ኢዚ ፕላስ)» ነበር። ዝቅ ስትሉ ሁለት ትግርኛ አለ፣ የኤርትራ እና የኢትዮጵያ። በየትኛውም አገር የተቀመጠ፣ ኢትዮጵያ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ሁሉ ያን ዝርዝር በከፈተ ቁጥር አማርኛን ያይ ነበር ማለት ነው። ጂቲኬ 3 ውስጥ ያ ሜኑ ተደበቀ። በ2020 መጨረሻ ጂቲኬ 4 ሲወጣ ኮዱም አብሮት አልመጣም።

ይኼኛው የስታይል ኮድ አይደለም፤ መጥረጊያው ግን አንድ ነው። ምክንያቱም ትክክል ነበር። የመጻፊያ ዘዴ የሚገባው እያንዳንዱ ቱልኪት ውስጥ ሳይሆን ሥርዓቱ ውስጥ አንድ ቦታ ነው፤ አይባስ የሚባለው ፕሮግራም ያንን ይሠራል። አማርኛም እዚያ አለ። ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ኮድ ሲወጣ «ኧረ ቆይ፣ እኔ እጠቀምበታለሁ» የሚል ሰው ቢኖር ድምፁ ከየት ይሰማ ነበር? በእንግሊዝኛ፣ በኢንተርኔት፣ ፕሮግራመሮች በሚጻጻፉበት ገጽ ላይ ነው። የጋሼ ድምፅ እዚያ አይደርስም። ድምፁ ስላልተሰማ የሌለ ይመስላል፤ «ማንም አይጠቀምበትም» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «እኔ ካለሁበት ክፍል ሆኖ የሚናገር ማንም የለም» ማለት ነው።

ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ የቼስተርተንን አጥር ይጠቅሳሉ። እንግሊዛዊው ደራሲ ጂ. ኬ. ቼስተርተን በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሐሳብ ነው፦ መንገድ ላይ አጥር አግኝተህ ለምን እንደታጠረ ካልገባህ አታፍርሰው፤ ምክንያቱን ስታውቅ ምናልባት ይፈቀድልሃል። ጥሩ ምክር ነው፣ ግን አይበቃም። አጥሩ ለምን እንደታጠረ አውቄም ማን እንደተደገፈው ላላውቅ እችላለሁ። በሬ እንዳይገባ ታጥሮ ይሆናል፤ በሬው ከሞተ ቆይቷል። ዛሬ ግን አንዲት እናት ሰሌን ዘርግታ በርበሬዋን ከነፋስ የምትከልልበት እሱ ሊሆን ይችላል። የአጥሩ ታሪክ እሷን አያውቃትም።

«እንግዲያውስ ምንም አንሰርዝ» የሚል ቢኖር፣ አይሆንም። አለማጽዳትም የራሱ ተጎጂ አለው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቤተሰብ ሰነድ ያለው ሰው ይረዳኛል። ያኔ የአማርኛ ሶፍትዌር ሁሉ ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ፋይሉን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ነው። በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት አንድ ፊደል አንድ ቁጥር አገኘ። ያ ጽዳት ነው፤ ትልቅ ጽዳት። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ይኼን የምታነቡት በእሱ ምክንያት ነው። የድሮውን ዝብርቅርቅ ለድሮ ሰነዶች ስንል ይዘነው ብንቀር ኖሮ ልጆቻችን ይከፍሉ ነበር።

የዚያ ጽዳት ልዩነቱ ምን ነበር? እኛ ውስጥ ነበርን። ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ሰዎች ፊደላችን በኮምፒውተር መስፈርቶች ውስጥ ቦታ እንዲኖረው ለዓመታት ጽፈዋል፣ ተከራክረዋል። እሱና ይትና ፍርድይወቅ በላቲን ኪቦርድ ግዕዝ ለመጻፍ ያወጡት ሴራ የተባለው ዘዴ ዛሬም ሊኑክስ ላይ አማርኛ ከሚጻፍባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ሲኤስኤስ ውስጥ ራሱ ዝርዝርን በ፩ ፪ ፫ የሚቆጥር የኢትዮጵያ ቁጥር ደንብ በስሙ ተጽፎ አለ። እነዚህ ነገሮች ከሰማይ አልወረዱም። የሆነ ሰው ሄዶ «እኛም አለን» ብሎ ነው።

ስለዚህ የደረስኩበት ይኼ ነው። ሲጸዳ ጥቅሙና ጉዳቱ እኩል አይታዩም። አጽጂው የሚያገኘው ዛሬ ነው፣ ስሙም ኮዱ ታሪክ ውስጥ ይጻፋል። የሚጎዳው ሰው የሚጎዳው ነገ ነው፣ ስሙም የትም የለም። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ «ቅሬታ ያለው ይምጣ» ማለት ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ መምጣት የሚችለውና የማይችለው እኩል አልተጠሩም። ሚዛኑን የሚያቃናው አጽጂው ራሱ መሄዱ ነው። ድምፅ ያለው ተጠቃሚ ሲኖር በፍጥነት መሰረዝ ይቻላል፤ ቢጎዳ በማግስቱ ይጮሃል። ተጠቃሚው ድምፅ የሌለው በሆነ ቁጥር እጅ መዘግየት አለበት።

እናቶቻችን መጥረግንና ማበጠርን ለይተው ያውቃሉ። መጥረጊያ የያዘ ሰው ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ይጀምራል። ሰፌድ የያዘች ሴት ግን ገለባ የመሰለውን ሁሉ አትደፋም፤ ታነሳለች፣ ታነፍሳለች፣ በዓይኗም በእጇም ትለያለች። ሥራዋ ረጅም ነው፤ እህሉ ግን ይተርፋል። ሦስት ሺህ መስመሩ ፋይል መጨረሻ ላይ ከግማሽ በታች ሆኗል፤ ጽዳቱ አልቀረም። የጋሼ ደንብ አሁንም 26 ነው። አጠገቡ በአማርኛ ሁለት መስመር ማብራሪያ አለው፦ ለምን፣ ለማን፣ ቢነሳ «ሸ» ምን እንደሚሆን። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ልጅ ከፈለገ ይሰርዘው፤ ግን የሚሰርዘው ቁጥር ሳይሆን ሰው መሆኑን አውቆ ይሆናል።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው፣ የተጠቃሚዎቹ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶች። በብዙ ነገር እውነታቸውን ነው። በሶፍትዌር ዓለም ግን ዝም ይነቅዛል። ፊደላችሁ ተቆርጦ ስታዩ ስክሪንሹት አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ ስቃችሁበት አትለፉ። ለሠራው ሰው ላኩለት፣ እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም። ምናልባት አንድ ቦታ፣ አንድ የደከመው ልጅ፣ ጠቋሚውን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ «ይቺን ማን ይፈልጋታል?» እያለ ነው።